የእኔ ትከሻ፣ የጂሩ ክንድ

ጥር 14፣ ረቡዕ

ሕመም፦ ከአስር ሰባት።

ይህን ደብተር ያስያዘኝ ዋጋሪ የሚባለው የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። «በየቀኑ ሕመሙ ከአስር ስንት እንደነበር፣ ምን ሲሠሩ እንደባሰብዎ ይጻፉ» አለኝ። እሱ የፈለገው ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ብዕር ከያዝኩ ቁጥር ጽፌ መተኛት አልችልም።

ቀኝ ትከሻዬ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ። መጀመሪያ ሲወጋኝ በጎኔ ተኝቼበት መሰለኝ። ኅዳር ላይ ፀጉሬን ማሰር አቃተኝ። አሁን የጡት መያዣዬን የምትቆልፍልኝ እምነት ናት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጠዋት ጠዋት እናቷን አልብሳ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን።

ዋጋሪ ክንዴን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ሲያዞረው ገና ከመነሻው ግጥም ብሎ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አንድ ጣት አይሄድም። «ይኼ የደረቀ ትከሻ ነው፣ አዴ አዳነች» አለኝ። «የመገጣጠሚያው ሽፋን ተጨማዶ ተጣብቋል። ይፈታል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ስኳርዎንም ይመርመሩ፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል።» ከዚያ ሥራዬን ጠየቀኝ። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው አልኩት። «ካርድ ክፍል ነው? እንግዲያው ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል አያውርዱ» አለኝ።

አላረምኩትም።

አዋላጅ ነኝ። ሃያ አንድ ዓመቴ። ለምን እንዳላረምኩት እንጃ። ደክሞኝ ነው።

ጥር 18፣ እሑድ

ሕመም፦ ስድስት።

ልምምዶቹን ጀምሬያለሁ። አንዱ፣ በግራ እጄ ጠረጴዛ ተደግፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ቀኙን እንደ ገመድ ለቅቄ ማወዛወዝ ነው። ሁለተኛው፣ ጣቶቼን ግድግዳው ላይ እያስኬድኩ ወደ ላይ መውጣት። እምነት የደረስኩበትን በእርሳስ ታሰምራለች። የዛሬው ከአገጬ አያልፍም። ሦስተኛው፣ ፎጣ በጀርባ ይዞ መሳብ ነው። እሱ አስለቀሰኝ። እምነት እንዳታየኝ ፊቴን በዚያው ፎጣ ጠረግሁ።

«ለኦቦ ገለታ ንገሪውና ከማዋለጃ ክፍል ለጥቂት ወር ያውጣሽ» አለችኝ። ገለታ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ነው።

«ያለነው ሁለት አዋላጅ ነን። እኔ ከወጣሁ ሲና ብቻዋን ልትቀር ነው?» አልኳት።

እውነት ነው። ግን ለልጄ ያልነገርኳት ደግሞ አለ። አምና ወገቧን ያመማትን ነርስ «እስኪሻልሽ» ብለው ካርድ ክፍል አስቀመጧት። ተሻላት። አሁንም እዚያው ናት። እኔ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ስምንት። ሁለት ወሊድ፣ ሁለቱም ደህና። የጓንቱን ካርቶን በግራ እጄ ሳወርድ ሲና አየችኝ። ካርቶኑን ታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርጋው ወጣች።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ዛሬ አልጽፍም። ወንድ። አራት ኪሎ ከሁለት መቶ። በሕይወት አለ። እናትየዋም ደህና ናት። በሕይወት አለ።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ወደ ዋጋሪ አልሄድኩም። እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። ልጻፈው።

ሶረቲ ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇ። ጨለለቂ ነው ቤቷ፣ ከአማቷ ጋር፤ አኮ ድርቤ ይሏታል፣ አያት ማለት ነው። ባሏ መገርሳ አንገር ጉቲን እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል። አንገር ጉቲን ስትለኝ «እኔም እኮ የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ ከወሎ መጥተን የሰፈርነው እዚያ ነው» አልኳት። ምጥ ላይ ሆና ሳቀች። «እንግዲያው ዘመድ ነን፣ ሲስተር!»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጭንቅላቱ ወጣ። ወጥቶም ተመልሶ ወደ ውስጥ ተሳበ። ትከሻው ከእናቱ የዳሌ አጥንት ጋር ተይዟል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ በደቂቃ ነው። ሲናን ጠራሁ። በሚቀጥለው ክፍል ደም የሚፈስሳት ወላድ ይዛ ነበር። ደግሜ ጠራሁ። አኮ ድርቤን አንዱን እግር አስያዝኳት፤ ሌላውን ሶረቲ ራሷ ወደ ሆዷ ሳበች። አልወጣም። ቀጥሎ የሚደረገው ይታወቃል፤ እጅ አስገብቶ የልጁን የኋለኛውን ክንድ ማውጣት ነው። ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

የሚደረገውን ሁሉ አደረግሁ። ሲና ደርሳ ከሶረቲ ሆድ በታች ስትጫን ወጣ። አራት ደቂቃ።

ሰማያዊ ነበር። ከዚያ አለቀሰ። አኮ ድርቤ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ አምላኳን፣ ዋቀዮን፣ አመሰገነች። ሶረቲ እጄን ስባ ሳመችው፣ ቀኝ እጄን።

ሳጥበው ነው ያየሁት። ቀኙን ያወራጫል። ግራ ክንዱ ከጎኑ ተዘርግቷል፤ መዳፉ ወደ ኋላ ዞሯል። አነሳሁት። ስለቀው ወደቀ።

መዝገቡ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ትከሻ ተይዞ ነበር። እርዳታ ተጠርቶ ዘግይቷል። ሁሉም እርምጃ በቅደም ተከተሉ ተወስዷል።»

ውሸት የለበትም።

የካቲት 2፣ እሑድ

ሶረቲ ሪፈር ተጽፎላት ሆስፒታል አሳይታ መጣች። ሐኪሙ አጥንቱ አልተሰበረም፣ ነርቩ ተወጥሮ ነው ብሏታል። ብዙዎቹ በራሳቸው ይድናሉ። ሁለት ሳምንት ሳይነካ ይረፍ፤ ከዚያ ፊዚዮቴራፒ። በሦስት ወሩ ክርኑን ካላጠፈ ግን አዲስ አበባ ነርቭ ቀዶ ሕክምና ማየት አለባችሁ ተብላለች።

ሦስት ወር። ሚያዝያ መጨረሻ ማለት ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

«ያጥፋል አይደል ሲስተር?» አለችኝ።

«ያጥፋል» አልኳት።

በምን አውቄ?

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ዘጠኝ ነበር ሌሊቱን። ዛሬ የገባችው ወላድ ሆዷ ትልቅ ነው። ሳያት ላብ አጠመቀኝ። ሲናን «አንቺ ያዢያት፣ እኔ ክትትሉን እሠራለሁ» አልኳት። ሲና ተቀበለችኝ። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር።

ስኳሬን ተመረመርኩ። ከፍ ያለ ነው። ለሌላው ሰው ስንት ዓመት ተመርመሩ ስል የኖርኩ ሴት።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ዋጋሪ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዬን ስጠብቅ በሩ ተከፈተና ሶረቲ ልጁን ታቅፋ ገባች። አኮ ድርቤ ተከትላታለች።

«ሲስተር! እርስዎም እዚህ ነዎት?» ደስ አላት። ወደ ዋጋሪ ዞራ በኦሮምኛ ነገረችው፤ ልጄን ከሞት ያተረፉልኝ አዋላጅ እሳቸው ናቸው አለችው።

ዋጋሪ መጀመሪያ የልጁን ክንድ አየ። ከዚያ የእኔን ትከሻ። እጁን ታጥቦ መጣ።

ልጁ ጂሩ ተብሏል። ዋጋሪ አልጋው ላይ አስተኝቶት ሶረቲን አሳያት። ክርኑን ደግፎ ክንዱን ወደ ላይ ማንሳት። ወደ ውጭ ማዞር። ክርኑን ማጠፍ፣ መዘርጋት። «ሱታ፣ ሱታ» ይላታል፣ ቀስ በይ። «በብብቱ ይዘሽ አታንሺው። ልብስ ስታለብሺው የታመመውን ክንድ አስቀድሚ፤ ስታወልቂ የታመመውን አስከትይ። ዳይፐር በቀየርሽ ቁጥር አሠሪው፤ እንዳትረሺው ነው።» ሶረቲ ከንፈሯን ነክሳ እያንዳንዱን ደገመችው።

እምነትም እኔን ስታለብሰኝ ቀኙን ነው የምታስቀድመው።

አኮ ድርቤ ከጥግ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየች። ልጁን ሳይሆን እኔን። ለምን እንደሆነ እንጃ። ሽማግሌ ሰው ዓይኑን አንድ ቦታ ያሳርፋል።

ሲወጡ ሶረቲ በፌስታል ማንጎ ሰጠችኝ። አልቀበልም ማለት አልቻልኩም። እምነት ናት የበላችው።

የካቲት 16፣ እሑድ

ኪዳነ ምሕረት። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ የእኔ አንዱ ብቻ ተዘረጋ። ልለምናት የሄድኩትን ነገር ሳልለምናት ተመለስኩ። ስለ ትከሻዬ ብለምን የልጁን ክንድ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ገለታ ቢሮው ጠርቶን ወሊዱን ገመገመ። ሕግ ነው፤ ሕፃን ሲጎዳ ይገመገማል። መዝገቡን ገልጦ ጣቱን አስቀመጠበት።

«‹እርዳታ ተጠርቶ ዘግይቷል› ይላል። ሲና፣ የት ነበርሽ?»

«ደም የሚፈስሳት ወላድ ላይ ነበርኩ፣ ኦቦ ገለታ። ጥያት ብወጣ ትሞትብኛለች።»

«ስንት ደቂቃ ቆየሽ?»

«ሰዓት አላየሁም። መድኃኒቱን ሰጥቼ፣ ደሙ ሲቀንስ ሮጬ መጣሁ።»

«ሲስተር አዳነች፣ ስንት ጊዜ ጠራሻት?»

«ሁለት ጊዜ» አልኩ። ሁለት ጊዜ ነው የጠራኋት። የተጠየቅሁትን ነው የመለስኩት።

ሲና ዞራ አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ውጪ የባጃጅ ሾፌሮች ይጨቃጨቁ ነበር። የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ በኋላ የተባለውን ግን አላስታውስም።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ስድስት። ግድግዳው ላይ በሁለት ጣት ከፍ ብያለሁ። እምነት አጨበጨበችልኝ።

ሻይ ክበብ ከኋላዬ የተቀመጡት ሲያወሩ ሰማሁ። «ልጅቷ ስልኳን ስትነካካ ነው አሉ የዘገየችው።» «አዳነች ባትኖር ልጁ አልቆለት ነበር።»

ዞር ብዬ አይደለም ማለት እችል ነበር። ሻዬን ጠጣሁ። ትኩስ ነበር፣ አቃጠለኝ።

ለሲና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣት። ስትቀበል አይቻታለሁ፤ አጥፋ አጥፋ እንደ ክብሪት አሳንሳ ኪሷ ከተተችው። ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ ቆመች።

«ሲስተር፣ ትከሻሽ እንዴት ነው?»

ስለ ትከሻዬ ነግሬያት አላውቅም።

«ደህና ነው» አልኳት።

«ጥሩ» ብላ ሄደች።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ዋጋሪ ዛሬ ትኩስ ፎጣ ትከሻዬ ላይ አስቀምጦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አዴ አዳነች፣ በጥር የመጡ ጊዜ ካርድ ክፍል ነው የሚሠሩት ብዬ ነበር።»

«አንተ ነህ ያልከው። እኔ አላልኩም።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት» አለ። ፎጣውን አንስቶ ክንዴን ወደ ውጭ ማዞር ጀመረ። አመመኝ። «አሁን አሥራ አምስት ዲግሪ ይዞራል። በጥር ዜሮ ነበር። ዜሮ ብዬ ካርድዎ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ያ ወረቀት እዚህ አለ።»

ማስፈራራት አልነበረም። ድምፁ ውስጥ ያዘነልኝ ነገር ነበረ። እሱ ነው የባሰብኝ።

ቤት ስገባ እምነት ተኝታለች። እሺ። ለማንም የማላሳየው ደብተር ላይ እንኳ መዋሸቴን ምን ይሉታል?

የኋለኛውን ክንድ አላወጣሁትም። እጄን ሳስገባ ትከሻዬ ቆለፈ። ሕመሙ ዓይኔን አጨለመው፤ እጄ ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለ። አወጣሁት። በግራዬ ሞከርኩ፤ ግራዬ ሥራውን አያውቅም። ሲና አልመጣችም። የልጁ ፊት እየጠቆረ ነበር። ያኔ ጭንቅላቱን ይዤ ጎተትኩት። ወደ ታች፣ በኃይል። መጎተት የለባችሁም እያልኩ ስንት ተማሪ አስተምሬያለሁ። ጎተትኩት። የሆነ ነገር በጣቶቼ መሀል ሲላላ ተሰማኝ። ከዚያ ሲና ደረሰች።

ባልጎትተው ይሞት ነበር? ምናልባት። እጄ ደህና ቢሆን ኖሮ ግን መጎተት አያስፈልገኝም ነበር። እጄ ደህና እንዳልሆነ ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ከነሐሴ ጀምሮ።

ሲናን ደብዳቤ ያሰጣት የእኔ አንድ መስመር ነው። ውሸት የለበትም ያልኩት።

ብናገር ምን እንደሚመጣ ሁሉ ታየኝ። ሥራዬ ይሄዳል። ይከሱኛል። ሃያ አንድ ዓመት አብሬያቸው የኖርኩት ሰዎች የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ከየት መጥተን እንደሰፈርን ያን ቀን ያስታውሳሉ። እምነት ትምህርት ቤት ውስጥ ትሰማዋለች።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ነገርኩት። ገለታ ቢሮ ሳልቀመጥ ነገርኩት፤ ከተቀመጥኩ የምመለስ መሰለኝ።

«ለምን አሁን?» አለኝ።

«በሲና ላይ ስለ ወደቀ።»

«በልጁ ላይ የወደቀውስ?»

ከማዋለጃ ክፍል አውጥቶኛል። የነፍሰ ጡር ክትትል ላይ ተመድቤያለሁ፤ ጉዳዩን ለበላይ ይጽፋል፤ ውሳኔው ሲመጣ ይታያል። የሲናን ደብዳቤ ከፋይሉ አውጥቶ እፊቴ ቀደደው።

ሲናን ኮሪደር ላይ ጠበቅኋት። አመሰግናለሁ ትለኛለች ብዬ አልነበረም፣ ግን ያለችውን አልጠበቅሁም። «እናቴ ቢላ ከተማ ሆና ወሬው ደርሷታል። ስትደውል ስልኬን አላነሳሁላትም። ምን ልበላት? ከካርቶኑ ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር፣ ሲስተር። ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ።»

ማዋለጃ ክፍሉን ለብቻዋ ይዛለች አሁን። ሌላ ሰው እስኪመደብ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ለሶረቲም ነገርኳት። ዋጋሪ ከክፍሉ ወጥቶ ለብቻችን ተወን። አኮ ድርቤ አብራት አልመጣችም ነበር።

የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ትከሻዬን፣ መደበቄን፣ መጎተቴን። የጂሩን ካልሲ እያወለቀች፣ መልሳ እያለበሰች ሰማችኝ። ስጨርስ ቀና አለች።

«አንቺ» አለችኝ። እስከ ዛሬ እርስዎ ነበር የምትለኝ። «እጅሽን ሳምኩት እኮ።»

ልጁን አቅፋ ተነሳች። የልምምዱን ካርድ እንኳ አልወሰደችም። የጂሩ ግራ እጅ በጋቢው ጠርዝ ወጥቶ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ስትራመድ ይወዛወዛል።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

አልመጣችም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

አልመጣችም። ዋጋሪን ጠየቅሁት። «ስለ ሌላ ታካሚ አልነግርዎትም» አለኝ። ልክ ነው። እኔም ብሆን አልናገርም።

ልምምዱ ከቆመ መገጣጠሚያው ይደርቃል። የእኔ ዓይነት ይሆናል። ነርቩ ቢድን እንኳ ክንዱ አይከፈትም። እውነቱን በመናገሬ ሕክምናውን አስተውኩት? ዝም ብል ኖሮ እየመጣች ታሠራው ነበር። በየቀኑ ይኼንን ነው የማስበው። የትከሻዬ ሕመም አራት ደርሷል፤ ለእኔ መሻሉ ያሳፍረኛል።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

አልመጣችም። እምነት «ለምን ቤታቸው አትሄጂም?» አለችኝ። እንደ ሌባ ያባርሩኛል አልኳት። «ያባርሩሻ» አለችኝ። «ካባረሩሽ ትመለሻለሽ።» ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ለአንድ ቀን አላናገረችኝም ነበር። ከዚያ በማግስቱ ጠዋት መጥታ ልብሴን አለበሰችኝ።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ጨለለቂ ሄድኩ። ባጃጁ ከአስፋልቱ ላይ አወረደኝ፤ ቀሪውን በእግሬ። ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በሦስተኛው የቆርቆሮውን በር አንኳኳሁ።

የከፈተችው አኮ ድርቤ ናት። ግቢ ብላ አላለችኝም። በሩን በገላዋ ዘግታ ቆመች። ኦሮምኛዬ በቋፍ ነው፣ እሷም አማርኛዋ እንደዚያው፤ በሁለቱም ተነጋገርን።

«ልምምዱን እንዳታቋርጥ ልለምን ነው የመጣሁት» አልኳት። «እኔን ይጥሉኝ፣ ይክሰሱኝ። ልጁ ብቻ እንዳይቀርበት።»

«አላቋረጠችም። ረቡዕን ትታ ዓርብ ነው የምትሄደው። አንቺን እንዳታይ።»

የበሩን ቋሚ ያዝኩ።

«እኔ ያን ቀን አይቻለሁ» አለች አኮ ድርቤ። «እግሯን ይዤ አልነበር? ቀኝ እጅሽ እምቢ ሲልሽ አይቻለሁ። ፊትሽ አመድ ሲመስል አይቻለሁ። በግራሽ ስትጎትቺም አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ከስምንት ልጅ ሦስቱን ቀብሬያለሁ። ሁለቱ እንደዚያ ተይዘው ነው የቀሩት፤ አዋላጅም አልነበረ። የልጅ ልጄ ሲያለቅስ ስሰማ ሌላው ነገር ከሆዴ ወጣ። በኋላ ነው የተመለሰው፣ ክንዱን ሳይ። ያን ጊዜ፣ ራሷ ትናገር እንደሆነ ልይ አልኩ።» ቆም አለች። «ቆየሽ።»

«ቆየሁ» አልኳት።

ከትከሻዋ በላይ ግቢው ውስጥ ሶረቲን አየኋት። ምንጣፍ ላይ ጂሩን አጋድማ ክርኑን ደግፋ ክንዱን ወደ ላይ ታነሳለች። ሱታ፣ ሱታ ትላለች። እንደ ዜማ አድርጋዋለች። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗን አልሰበረችም፤ አልጠራችኝም። ወደ ልጇ ተመለሰች።

አኮ ድርቤ በሩን ልትዘጋ ስትል «ጀባዱ» አለችኝ፤ በርቺ። ምን ለማለት እንደሆነ እስከ አሁን እያሰብኩ ነው።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

ሆሳዕና። ሦስት። ፀጉሬን ራሴ አሰርኩ፤ ጠማማ ነው፣ እምነት ሳቀችብኝ። ሃያ አራት ቀን ቀርቶታል።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ፋሲካ። ከበላይ ደብዳቤ መጥቷል፦ የጽሑፍ ወቀሳ፤ ትከሻዬ ሙሉ በሙሉ መዳኑ በሐኪም እስኪረጋገጥ ማዋለድ አልችልም። ከፈራሁት ያነሰ ነው። ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። እያንዳንዱን ቀን የምቆጥረው ለሌላ ነው።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ዋጋሪን ምንም አልጠየቅሁትም። ፊቱን ለማንበብ ሞከርኩ። የእሱ ፊት ምንም አያሳይም። ዛሬ ክንዴ ሠላሳ አምስት ዲግሪ ዞረ፤ እኔ ግን ልብ ያልኩት ከወጣሁ በኋላ ነው።

ክርኑን ካላጠፈ አዲስ አበባ። የሕፃን አንገት ተከፍቶ ነርቭ ሲሰፋ። ባለፈው ሌሊት ሦስቴ ነቃሁ።

ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

ተራዬን ተቀምጬ ስጠብቅ ሶረቲና አኮ ድርቤ ገቡ። በረቡዕ። ልነሳና ልወጣ ስል ሶረቲ «ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

ዋጋሪ ጂሩን በጀርባው አስተኛው። ልብሱን አወለቁለት። ወፍሯል፤ ጭኑ ላይ እጥፋት ሠርቷል። ቀኝ እጁን ዋጋሪ በእርጋታ ያዘው፣ በእሱ እንዳይሠራ። ከዚያ ጠበቅን። ልጁ ጣሪያውን ያያል። እግሩን ያራግጣል። ግራ ክንዱ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። የሶረቲን ትንፋሽ እሰማ ነበር። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፤ ያን ቀንም እንደዚህ ነበር የቆጠርኩት።

ጂሩ አጉረመረመ። ቀኙን ለማስለቀቅ ታገለ። ከዚያ የግራ ጡጫው ከአልጋው ተነሳ። ትንሽ ተነስቶ ወደቀ። እንደገና ተነሳ። ክርኑ ታጠፈ፣ እጁ እየተንከራተተ በደረቱ ላይ መጣ፣ አገጩን ሳተ፣ ጉንጩን መታ፣ በመጨረሻ አፉ ውስጥ ገባ። መጥባት ጀመረ። ጡጫውን ሲጠባ ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

አኮ ድርቤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ዋጋሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያጥፋል» አለ። «ከትከሻው ወደ ላይ ማንሳቱ ገና ነው። ልምምዱ ይቀጥላል፤ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ አልምልም። ለቀዶ ሕክምና ግን አሁን አንልካችሁም።»

ሶረቲ አላለቀሰችም። ልጁን አለበሰችው፤ ግራውን አስቀድማ። አቅፋው ስትጨርስ መጥታ ፊቴ ቆመች። ከወንበሬ ተነሳሁ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ።

«እኔ ነገሩን ገና አልጨረስኩትም» አለች። «አንዳንድ ቀን እናደዳለሁ፣ ሌሊት ሳሠራው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ የወጣው ትዝ ይለኛል። ሁለቱም አሉ። ስለዚህ ይቅርታ አይጠይቁኝ።»

«አልጠይቅም» አልኳት።

በሩ ጋ ደርሳ ዞረች።

«ሁለተኛ ቢሰጠኝ የምታዋልደኝ ሲና ናት። እርስዎ አይደሉም። ግን እርስዎ በሩ ላይ ይቆማሉ። እሷ ከጠራችዎት ይገባሉ።»

«እገባለሁ» አልኳት።

«ሮጠው» አለች ሶረቲ።